ሚዜው የት ይቀመጥ?

እናቴን ሰው "ልጅሽ ምን ትሠራለች?" ሲላት እስከ ዛሬ ድረስ "ስልክ ላይ ናት" ብላ ታልፈዋለች። አልዋሸችም። ሥራዬ ገና አገር ያልገባ መኪና ስንት እንደሚሸጥ መገመት ነው። ድሮ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ የመኪና ቀረጥ ሳሰላ እውል ነበር። ቢሮው ሲዘጋ ቤት ተቀመጥኩና እዚያ የለመድኩትን ስሌት ቴሌግራም ላይ ማውጣት ጀመርኩ። ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ከሥሩ "አዲስ አበባ ሲደርስ ይህን ያህል" እላለሁ። መኪናው ሲገባ ሰው ተመልሶ ያመሳክራል። ከሳትኩ ይሰድበኛል፣ ካገኘሁት ደግሞ ወዳጁን ይዞ ይመጣል።

የፋብሪካውን ዋጋ፣ የመርከቡን፣ ከጅቡቲ እዚህ ድረስ ማጓጓዣውን፣ ቀረጡን፣ የባንኩን ዶላር ማንም ይደምረዋል። የኔ ሙያ መጨረሻ ላይ የምትጨመረዋ ናት። እኔ "የጉራ" ነው የምላት። ሰው ቀድሞ ለመታየት ሲል የሚከፍላት ማለት ነው። ቀይ ቀለም የራሱ ጉራ አለው። ሁለት በር የራሱ ጉራ አለው። ጣራው ከተከፈተማ በቃ፣ ሻጩ ያሻውን ይጥራ! ይህችን የጉራ ሒሳብ ከኔ የተሻለ የሚገምት በየካ ክፍለ ከተማ የለም ብል አላጋነንኩም፤ ጉራን ያጠናሁት አባቴን እያየሁ ነዋ።

አባቴ ጋሽ በየነ የሙሽራ መኪና ነጂ ነው። ኮተቤ ላይ ስሙን ብትጠሩ "ባለ እመቤቷ?" ይሏችኋል። እመቤት ሚስቱ አይደለችም፣ መኪናው ናት። ነጭ፣ ረዘም ያለች፣ ከኔ በዕድሜ የምትበልጥ የጀርመን አውቶሞቢል። እኛ ቤት የተበላው፣ የተለበሰው፣ የኔ የትምህርት ቤት ክፍያ ሳይቀር ከእመቤት የኋላ ወንበር ነው የወጣው። አባቴ ቅዳሜ ጠዋት ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ ሲወጣ ላየው ሙሽራው እሱ ነው የሚመስለው። ትሑት ሰው ነው ብዬ አልዋሻችሁም።

ችግሩ እመቤት አረጀች። ሞተሯ እንኳ ደህና ነው፤ ያረጀችው ሰው ዓይን ውስጥ ነው። የዛሬ ሙሽሮች መጀመሪያ የሚያስቡት ስለ ቪዲዮው ነው። "ጋሼ፣ አሪፍ ናት፣ ግን ትንሽ የድሮ ሆነችብን" ይሉትና ወደ ሌላው ያመራሉ። ያን ዓመት ጥር ገብቶ አባቴ አንድ ቅዳሜ ቤት ዋለ። ጥር ላይ ቤት የዋለ የሙሽራ መኪና ነጂ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፂሙን ተላጭቶ፣ ሱፉን ለብሶ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሳሎን ቁጭ አለ። ማንም አልደወለም። እናቴ ምሳ ስታቀርብለት "አልራበኝም" አለ። አባቴ ሳይርበው የዋለበትን ቀን አላስታውስም።

በዚያው ሰሞን ቀይዋ መጣች።

ቀይዋ የኤሌክትሪክ ስፖርት መኪና ናት። ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር፣ ፊቷ የተቆጣ ነብር የሚመስል። አንድ አስመጪ አገር ውስጥ ሊያስገባት ነው ተባለ፤ ዋጋዋ ግን እሁድ አያት አካባቢ አዳራሽ ተከራይተው እስኪያስመርቋት ድረስ ምስጢር ነው። የኔ ቻናል በሷ ወሬ ተሞላ። አንዱ "አምስት ሚሊዮን" ይላል፣ አንዱ "አሥር ብትገባ ምን አለ በሉኝ" ይላል። አባቴ ደግሞ ማታ ማታ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ ፎቶዋን ያያል።

"ትዕግስት፣ ይህቺን በሪባን አስጊጪያት እስቲ በሐሳብሽ" አለኝ አንድ ቀን።

"አባዬ፣ ደግሞ ምን አሰብክ?"

"አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ የሙሽራ መኪና ያለው ሰው አለ?"

"የለም።"

"በቃ!"

ነገሩን ጨርሶ ነበር ወደኔ የመጣው። እሁድ ምርቃቱ ላይ ሠላሳ በመቶ ለከፈለ ሰው ቀሪው በየወሩ ይሆንለታል ተብሏል። እመቤትን ደግሞ አያት ላይ ምግብ ቤት የከፈቱ አቶ ግርማ የሚባሉ ነጋዴ በሁለት ሚሊዮን ተኩል ጠይቀዋታል። ሊነዷት አይደለም። በራቸው ላይ አቁመው፣ አበባ ሞልተው፣ ሰው ፎቶ እንዲነሳባት ነው። አባቴ "ቆማ?" ብሎ አንድ ጊዜ ፊቱን አጨማደደ፣ ከዚያ በኋላ ግን ስለሱ አላነሳም።

"እንግዲህ ሒሳቡ ካንቺ ነው" አለኝ። "ቀይዋ ከስምንት ሚሊዮን በታች ከሆነች የእመቤት ገንዘብ ቅድሚያውን ይሸፍናል፣ እሸጣታለሁ። ካለፈች ይቅርብኝ። ቅዳሜ ቁርጡን ንገሪኝ።"

"እሁድ ራሳቸው ይነግሩን የለ? ምን አጣደፈህ?"

"እሁድ እዚያው ነው የሚከፈለው፤ ያኔ ገንዘቡን ከየት አመጣለሁ? አቶ ግርማም ቅዳሜ ቀብድ ካልተቀበልኳቸው ሌላ መኪና ሊያዩ ነው።"

ቀብድ ቀልድ አይደለም። ተቀብሎ ሐሳቤን ቀየርኩ ያለ ሻጭ እጥፉን ነው የሚመልሰው። እናቴ ከጓዳ ሆና "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች!" ብላ ተረተችብን። እኛ ግን ዋጋ ላይ ነበርን፤ ማን ይሰማታል።

የኔን ግምት የያዘብኝ አንድ ነገር ነበር፤ ጣራዋ። በፎቶ ሲታይ የሚከፈት ይሁን መስታወት ብቻ ይሁን አይለይም፣ የጉራው ሒሳብ ደግሞ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። የአስመጪው ሽያጭ ሠራተኛ ናቲ ቻናሌን የሚከታተል ልጅ ነው። "ቅዳሜ እንጦጦ ላይ ቪዲዮ እንቀርጻለን፣ መጥተሽ በዓይንሽ እያት፣ ዋጋ ግን አትጠይቂኝ" አለኝ። ይህን ለአባቴ ስነግረው እጁን አጨበጨበ። አቶ ግርማም "ዳገት ያላወጣኋትን መኪና አልገዛም" ብለውት ነበርና፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ሊመታ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን በእመቤት ወደ እንጦጦ ወጣን። አቶ ግርማ ወፍራም፣ ረጋ ያሉ፣ ኮፍያቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ ሰው ናቸው። ከፊት ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርገው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ነው የወጡት። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው እንጦጦን የሚያስወጣት እንዲህ ነው፤ ዳገቱ ላይ ካላሳለች፣ ካልተንተከተከች፣ ልቧ ጤና ነው ማለት ነው። አባቴ ደግሞ ማርሽ በቀየረ ቁጥር በጎን እያያቸው "ሰሙ? ሰሙ?" ይላል። እኔ ከኋላ ነኝ። ልጅ ሆኜ አባቴ ከሰርግ ሲመለስ ያ ወንበር ላይ የቀረውን የወርቅ ወረቀት ብናኝ ስለቅም እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። እጄን ወንበሩ ስንጥቅ ውስጥ ሰደድኩ፤ አንዲት ብልጭልጭ አገኘሁ። ኪሴ ውስጥ ከተትኳት።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን አለፍ ብሎ ባለው ሜዳ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ቀይዋ ቆማለች። እውነቱን ልናገር፣ ታምራለች። አባቴ ከእመቤት ወርዶ በሯን እንኳ ሳይዘጋ ነው ወደሷ የሄደው።

አንድ ሰርግም እዚያው ለፎቶ ወጥቶ ነበር። ሊሞዚናቸው ረጅም ስለሆነች ኩርባውን አልዞር ብላ አጀቡ ሁሉ ታች ቀርቷል። የወጡት ሙሽራው፣ ሙሽሪት፣ አንደኛ ሚዜውና በሞተር ሳይክል የመጣ ካሜራማን ናቸው። ሙሽሪት በነፋሱ እየተንቀጠቀጠችም ቢሆን ዓይኗን ከቀይዋ ላይ አልነቀለችም። ናቲ ደግሞ ነጋዴ ነው፣ ዕድል አያልፈውም።

"ለምን በሷ ወርዳችሁ ሊሞዚናችሁ ጋ አትደርሱም? ለኛም ቪዲዮ ይሆነናል" አላቸው።

ሙሽራው ከኪሱ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ አሳየው። አባቴ ሳቀ። "ስንቱን አጋብቼ፣ በሰርጉ ቀን መንጃ ፈቃድ በኪሱ የያዘ ሙሽራ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው" አለኝ። ያኔ ሁለታችንም ከዚያ በላይ አላሰብንበትም።

እኔ ሥራዬ ላይ ነበርኩ። ናቲ ቁልፍ ተጫነ፣ ጣራዋ ድምፅ ሳታሰማ ተጣጥፋ ወደ ኋላ ገባች። በልቤ "ይኸው!" አልኩ። ስልኬን አውጥቼ ደመርኩ፣ ደግሜ ደመርኩ፣ የጉራዋን ጨመርኩ። አባቴ አጠገቤ መጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እህስ?"

"ሰባት ነጥብ ስምንት።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አባዬ፣ እንጀራዬ ነው።"

"እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!" ግንባሬን ሳመኝ።

በዚህ መሐል ሙሽሮቹ ቀይዋ ውስጥ ገቡ። መግባት ብቻ እንኳ ሥራ ነበር። ቬሎዋ መስኮቱን ሞልቶት የሙሽሪት ፊት ብቻ ነው የሚታየው። ካሜራማኑ ሞተሩን አስነሳ፣ ናቲ ካሜራውን ይዞ ከኋላው ፊቱን አዙሮ ተፈናጠጠ፣ ሁለቱ ከፊት ከፊት እየቀረጹ፣ ቀይዋ ከኋላ እየተከተለች ቁልቁል ወረዱ። ድምፅ የላት፣ ጭስ የላት። ሜዳው ጭር አለ።

አቶ ግርማ የእመቤትን ኮፈን ዘግተው እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "ልቧ ጤና ነው፣ ጋሽ በየነ። በቃሌ ነኝ።"

"እኔም በቃሌ ነኝ!" አለ አባቴ። እጅ ተማቱ።

አቶ ግርማ ከኮታቸው ውስጥ ወፍራም ፖስታ አወጡ። ቀብድ በባንክ አይላክም ባይ ናቸው፣ በእጅ፣ በእማኝ ፊት መሆን አለበት። አባቴ ወደኔ ሲያመለክት ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጅዎ ለእርስዎ ናት። ለኔስ? አንድ ሌላ ሰው ይኑር።"

ሌላ ሰው የት ይገኛል? ሜዳው ላይ የቀረ አንድ ሰው ነበር። ረጅም፣ ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ፣ የሙሽሪትን አበባ በአንድ እጁ፣ የሙሽራውን ኮት በሌላው ይዞ መንገዱን እያየ ቆሟል።

"የኔ ልጅ! እስቲ አንዴ ና!" አለው አባቴ። "እማኝ ትሆነናለህ፣ አንድ ደቂቃ ነው። ስምህ ማን ነው?"

"ብሩክ።"

አባቴ ፖስታውን ሊቀበል እጁን ዘርግቷል። "ዘመድ ነህ ወይስ?"

"አንደኛ ሚዜ ነኝ፣ ጋሼ።"

አባቴ እጁን እንደዘረጋ ቀና ብሎ አየው። "አንደኛ ሚዜ ከሆንክ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሚዜ ከሙሽራው ይለያል እንዴ?"

"ሄዱ እኮ።"

"ጥለውህ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ወንበሩ ሁለት ነው። እሱ አለ፣ እሷ አለች። እኔ ጭናቸው ላይ ልቀመጥ?" ልጁ ተናዷል፤ ለካ እስካሁን የሚያወራለት ሰው አጥቶ ነው። "ሙሽራ በሰርጉ ቀን ራሱ እየነዳ! ያየ ሁሉ ምን ይላል? ሰው የለውም ነው የሚለው! እናቱ ታች ቆመው ሲያዩት ይጮኹብኛል፤ እሱን ሳይሆን እኔን!"

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። መንገዱን አየ፣ እመቤትን አየ፣ ጣቱን አንድ በአንድ ሲያጥፍ አየሁት። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ።

"ትዕግስት" አለኝ፣ "እኔስ የት ነው የምቀመጠው?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባቴ ሊገዛት ባለው የሙሽራ መኪና ውስጥ ሙሽራው አለ፣ ሙሽሪት አለች፣ ነጂው የለም! ሚዜውን እንኳ ተዉት። ሁለታችንም ሁለት ወንበር እንዳላት እናውቅ ነበር። እኔማ ራሴ ቻናሌ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ለጉራ ሒሳብ ደምሬዋለሁ። ሰርግ ለሰርግ ያረጀ አባቴ፣ ያ ሁሉ ተከታይ፣ ያ ሁሉ ክርክር፣ ሁላችንም ስንት ትሸጣለች ስንል ከረምን እንጂ ማን ይቀመጥባታል ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

"አቶ ግርማ" አለ አባቴ፣ ድምፁ ወርዶ።

አቶ ግርማ ሁሉንም ሰምተዋል። ፖስታውን ግን አልመለሱም። "ጋሽ በየነ፣ እጅ ተማትተናል" አሉ። በቁጣ አልነበረም፣ እንደ ነጋዴ ነው የተናገሩት።

"ተማትተናል።"

"አባዬ፣ ገንዘቡን እኮ አልነካህም! ሳይቀበሉት ቀብድ የለም!" አልኩ።

"አንቺ ዝም በይ። እኔ ቃሌን በገንዘብ አይደለም የምሰጠው።" ወደሳቸው ዞረ። "የርስዎ ናት። አንዴ ተናግሬያለሁ።"

ይህን ሲል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ ጉራው ግን ሁሉ ከፊቱ ላይ ጠፍቶ ነበር። አባቴን ያለ ጉራ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። አለቀስኩ። ምንም አልደብቃችሁም፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

ብሩክ ግራ ተጋብቶ ሦስታችንን ተራ በተራ አየን። "ይቅርታ፣ ስትጨርሱ ሙሽራው ጋ ታደርሱኛላችሁ? አበባው እኔ ጋ ነው።"

አደረስነው። አባቴ መሪውን ያዘ፣ እኔ ከፊት፣ አቶ ግርማና ብሩክ ከኋላ። ቦታ ለማስለቀቅ አበባውን አቶ ግርማ ታቀፉት። ፖስታው ማርሹ አጠገብ ተቀምጧል። አንድ ኩርባ ዞረን፣ ሁለተኛውን ስንዞር ቀይዋ መንገድ ዳር ቆማለች።

ሙሽራው በሯ ላይ ጎንበስ ብሎ ይታገላል፣ ሙሽሪት ውስጥ ሆና ታለቅሳለች። የቬሎዋ ጫፍ ከበሩ ሥር ሾልኮ አስፋልቱን ሲጠርግ ወርዷል። ጥቁር ሆኗል። በሩ ተከፍቷል፣ እሷ ግን መውጣት አልቻለችም፤ ወንበሯ መሬት ማለት ነው፣ ያን ሁሉ ቀሚስ ይዛ በምን ትነሳ? ናቲና ካሜራማኑ ኩርባው ስለጋረዳቸው የሆነውን ሳያዩ ቀድመው ወርደዋል።

አባቴ ወረደ። ሱፉን ቆለፈ፣ መነጽሩን ሰካ።

"የኔ እመቤት፣ አታልቅሺ። እግርሽን መጀመሪያ። ሁለቱንም ወደኔ። ጎሽ። ሙሽራው፣ አንተ ክንዷን አትጎትት፣ ወገቧን ያዝ። ብሩክ፣ ቀሚሱን ሰብስብ። ጎሽ!"

ወጣች። አባቴ ከእመቤት ኪስ መርፌ ቁልፍና አንድ ነጭ ጠመኔ አመጣ። ጠመኔው የቆየ ዘዴው ነው። የቆሸሸውን ጫፍ አራግፎ፣ ጠመኔውን አሻሽቶ፣ የማይነጣውን ወደ ውስጥ አጥፎ ቆለፈው። ቀረብ ብለው ካላዩት አይታወቅም። ሙሽሪት በመሐረብ ዓይኗን ጠረገችና አባቴን ሳይሆን እመቤትን አየች።

"ጋሼ፣ በርስዎ ልሂድ።"

"በደስታ!"

ከዚያ በኋላ የሆነው በራሱ ጊዜ ነው የተስተካከለው። ሙሽሪትና ሙሽራው ከኋላ፣ ቬሎው በመሐላቸው እንደ ልቡ ተዘርግቶ። ብሩክ ከፊት፣ ደረቱን ነፍቶ። አባቴ መሪው ላይ። አበባው ለባለቤቷ ተመለሰ። ለኔና ለአቶ ግርማ ቦታ አልነበረም። አባቴ በመስኮት ፖስታውን አውጥቶ ሰጣቸው።

"ገንዘብዎን ይያዙ፣ አቶ ግርማ። አድርሻቸው ስመለስ እንጨርሳለን። ቃሌ አለ። እስከዚያ ቀይዋን ጠብቁልኝ፣ የሰው ንብረት ናት።"

ጥሩምባዋን እያስጮኸ ወረደ። ያን ጥሩምባ ኮተቤ በሙሉ ያውቀዋል። እኔ ስልኬን አውጥቼ ከኋላ ቀረጽኳቸው፤ አራት ራስ፣ አንድ አበባ፣ ቁልቁል ሲሄዱ።

እኔና አቶ ግርማ ቀይዋን ተደግፈን ቀረን። በሯን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ።

"ስንት ትሸጣለች አልሽ?"

"ሰባት ነጥብ ስምንት ሚሊዮን።"

"ለሁለት ሰው" አሉና ሳቅ አመለጣቸው። "እኔ ሳገባ በአንዲት ሰማያዊ ታክሲ ስድስት ሆነን ነው የሄድነው። ሚዜዬ የባለቤቴ ቀሚስ ላይ ተቀምጦ እስክንደርስ ሰደበችው። እስኪያርፍ ድረስ ያንን ስታነሳበት ኖረች፣ ነፍሱን ይማረው።" ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። "እኔ ያቺን መኪና በር ላይ ላቆማት ነበር እኮ።"

ኪሴ ውስጥ ያለችውን ብልጭልጭ በጣቴ ነካኋት።

"አባትሽን፣ ግርማ ቃልህን መልሶልሃል በይው።"

"እርስዎ ራስዎ ይንገሩት። እኔ ብነግረው ውሸቷን ነው ይላል።"

"እነግረዋለሁ። ግን በነፃ አይደለም!" ነጋዴነታቸው ተመለሰ። "ሰርግ በሌለበት ቀን በሬ ላይ ያቁማት። ኪራይ እከፍላለሁ። ሰርግ ባለበት ቀን ደግሞ ሙሽሮቹን በኔ በር ያሳልፋቸው። ፎቶውን እዚያ ይነሱ።"

ናቲ መጥቶ ቀይዋን ከወሰዳት በኋላ አባቴ ከሰዓት ተመልሶ ይህን ሰማ። የአቶ ግርማን እጅ በሁለት እጁ ያዘና ረጅም ጊዜ አልለቀቀም። ከዚያ እመቤት ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋና መሪው ላይ ግንባሩን አስደገፈ። እኛ ወደ ባሕር ዛፉ ዞረን ቆምን።

እሁድ ምርቃቱ ላይ ሁለታችንም ሄድን። መብራት፣ ጭስ፣ ሙዚቃ፣ ምን የቀረ ነገር አለ። ዋጋዋ ግድግዳው ላይ ሲበራ አዳራሹ አጉረመረመ፤ ሰባት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሃምሳ ሺህ። ከአስመጪዎቹ በቀር በዚያች ከተማ እንደኔ የተጠጋት ሰው አልነበረም። ስልኬ መንቀጥቀጡን አላቆመም። ናቲ መጥቶ "አንቺ ሴት ጠንቋይ ነሽ!" አለኝ። እንደዚያ ያለ ግምት ዳግመኛ አልገመትኩም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳምንት ሙሉ መሬት አልረግጥም ነበር። ያን ቀን ግን ፎቶ ያነሱኝ እየሳቅኩ ቢሆንም ደስታው ሆዴ አልደረሰም።

ጥያቄ ያለው ሲባል አባቴ እጁን አወጣ። ማይክራፎን ሰጡት።

"ነጂው የት ነው የሚቀመጠው?"

"ነጂውማ ራስዎ ነዎት፣ ጋሼ!" አለ መድረኩ ላይ ያለው ልጅ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

"እሱን እኮ ነው የምልህ" አለና አባቴ ተቀመጠ።

እንግዲህ ይህ ከሆነ ቆይቷል። ያቺን የአራት ራስ ቪዲዮ "ሚዜው የት ይቀመጥ?" ብዬ ለጠፍኳት፣ ከቀይዋ ዋጋ ይልቅ እሷ ናት ሰው ጋ የደረሰችው። እመቤት ትዕዛዝ ማግኘት ጀመረች። እንደ ድሮው ነው አልላችሁም፤ ግን ከዚያ ወዲህ አባቴ ጥር ላይ ቤት አልዋለም። በሥራ ቀን አያት ብታልፉ አንድ ምግብ ቤት በር ላይ ታዩዋታላችሁ። አባቴ አጠገቧ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ማንም እንዳይደገፍባት ይጠብቃታል። ጉራውም ተመልሷል፣ ተመስገን።

እናንተ አንባቢዎቼ ምናልባት "ታዲያ ምን ይጠበስ?" ትሉኝ ይሆናል። እኔ ዋጋ መገመት አልተውኩም፣ እንጀራዬ ነው። ግን ያን ቀን እጄ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል ሆኖ አባቴን ባዶ እጁን ሊያስቀረው ነበር። አንድ ሳንቲም አልሳትኩም ማለት ይቻላል፤ ቤታችንን ግን ልስት ነበር። እናንተም የምትገዙትን ነገር፣ ቤትም ይሁን መኪና፣ ስንት ነው ከማለታችሁ በፊት የሚቀመጥበትን ሰው አንድ በአንድ አስቀምጡበት። ራሳችሁንም ጨምሩ።

ባለፈው ሰሞን አንድ ልጅ የቀይዋን አዲስ ሞዴል ፎቶ ላከልኝ። "እህቴ፣ ስንት ትገባለች? ወስኛለሁ" ይላል።

"ማን ማን ነው የሚቀመጥባት?" ብዬ ጻፍኩለት።

ሲጽፍ ይታየኛል፣ ይተወዋል፣ ደግሞ ይጽፋል።

"እኔና እናቴ። ጉልበቷን ያማታል፣ ሐኪም ቤት የማመላልሳት እኔ ነኝ።"

"ከዚህች መኪና መነሳት ትችላለች?"

"አትችልም" አለኝ።

ዋጋውን ሳልነግረው ተለያየን።